የራይሽታግ ጉልላት፦ 360 መስታወቶች ማንን ያሳያሉ?

በርሊን የሚገኘው የራይሽታግ ሕንፃ የጀርመን ፌዴራል ፓርላማ፣ የቡንደስታግ፣ መሰብሰቢያ ሲሆን በጣሪያው ላይ የቆመው የብርጭቆ ጉልላት ለማንኛውም ጎብኚ ያለ ክፍያ ክፍት ነው። አብዛኛው ሰው ወደዚያ የሚወጣው ከተማዋን ከላይ ለማየትና ፎቶግራፍ ለመነሣት ነው፤ ለዚህም ቢሆን የሚያስቆጭ ጉብኝት አይደለም። እኔ ግን ጉልላቱን እዚህ የምገመግመው እንደ መመልከቻ ሰገነት ሳይሆን እንደ አንድ ግዙፍ የኪነቲክ ጥበብ ሥራ፣ ማለትም እንቅስቃሴን ራሱን መሥሪያው እንዳደረገ ጥበብ ነው። በመካከሉ 360 መስታወቶች የለበሰ ሾጣጣ ዓምድ አለ፤ በዙሪያው የፀሐይን ጉዞ እየተከተለ የሚዞር መከለያ ተገጥሟል፤ ተመልካቹም በጠመዝማዛው መንገድ ሲወጣና ሲወርድ፣ ወደደም ጠላም፣ የሥራው ተንቀሳቃሽ አካል ይሆናል። እንዲህ ያለ ሥራ በፓርላማ አናት ላይ፣ ያውም በዚህች አገር ፓርላማ አናት ላይ ሲቀመጥ ጉዳዩ የውበት ብቻ ሆኖ አይቀርም። «ጀርመናዊ» ማን እንደሆነና «ሕዝብ» ሲባል ማን እንደሚቆጠር፣ ሕንፃው ከመቶ ዓመት በላይ ሲያነሣውና ሲጥለው የኖረ ጥያቄ ነው።

የጉልላቱ ነዳፊ እንግሊዛዊው አርክቴክት ኖርማን ፎስተር ነው። የሚገርመው ጉልላት መሥራት በመጀመሪያ ሐሳቡ ውስጥ አልነበረም፤ በውድድሩ ላይ ያቀረበው ንድፍ ሕንፃውን ከነአካባቢው የሚያጠላ፣ በቀጫጭን ዓምዶች ላይ ያረፈ ሰፊ ጠፍጣፋ ጣሪያ ነበር። ያ ሐሳብ ከወጪውም የተነሣ ተትቶ፣ ጉልላት ካልተመለሰ ብለው አጥብቀው የያዙት የፓርላማ አባላት አሸነፉ። ፎስተርም የጥንቱን ጉልላት መልሶ መቅዳትን እምቢ ብሎ ዛሬ የምናየውን አዲስ ቅርጽ አመጣ። ተመልካች የሚወጣበት የብርጭቆ ጉልላት የሚለውን ሐሳብ ጀርመናዊው አርክቴክት ጎትፍሪድ ቦም ቀደም ብሎ አንሥቶት ስለነበር፣ ምስጋናውን ሁሉ ለአንድ ሰው መስጠት ትክክል አይመስለኝም። እንዲያውም ሥራው በድርድር የተወለደ መሆኑ ይስማማዋል፤ ከበታቹ የሚሠራው ሥራም ድርድር ነውና።

ታሪኩን ባጭሩ ማለፍ ይቻላል። ሕንፃው በፓውል ቫሎት ንድፍ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1894 ተጠናቀቀ። የካቲት 27 ቀን 1933 ምሽት ተቃጠለ፤ በማግስቱ የሂትለር መንግሥት በእሳቱ አሳብቦ የዜጎችን መብቶች አገደ። በ1945 የሶቪየት ወታደሮች ገብተው ስማቸውንና የመጡበትን ከተማ በግድግዳው ላይ ጻፉ፤ ከጽሑፎቹ ብዙዎቹ ዛሬም በፓርላማው መተላለፊያዎች ሳይፋቁ ይታያሉ። የተጎዳው ጉልላት በ1954 በፈንጂ እንዲፈርስ ተደረገ። ከ1961 ጀምሮ የበርሊን ግንብ ከሕንፃው ጀርባ፣ በምሥራቁ በኩል ታክኮ ያልፍ ነበር። ሰኔ 20 ቀን 1991 ፓርላማው የምዕራብ ጀርመን ዋና ከተማ ከነበረችው ከቦን ወደ በርሊን ለመመለስ በ338 ድምፅ ለ320 ወሰነ፤ በ1995 ሰኔና ሐምሌ ክሪስቶና ዣን-ክሎድ የተባሉት ጥንድ አርቲስቶች ሕንፃውን በሙሉ በጨርቅ ጠቀለሉት፤ ሚያዝያ 19 ቀን 1999 ደግሞ ቡንደስታግ በአዲሱ ጉልላት ሥር ሥራውን ጀመረ።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ቆም ብሎ ሊታይ የሚገባው በምዕራቡ በር ላይ፣ ከዓምዶቹ በላይ የተጻፈው «ለጀርመን ሕዝብ» የሚለው ጽሑፍ ነው። ቫሎት ያሰበው ገና ሕንፃው ሲሠራ ሲሆን የተሰቀለው ግን በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል ነው፤ ለሃያ ዓመት ያህል ቦታው ባዶ ነበር። እያንዳንዱ ፊደል 60 ሳንቲ ሜትር ቁመት አለው። ነሐሱ የተገኘው ከናፖሌዎን ጋር በተደረጉት ጦርነቶች ከተማረኩ ሁለት የፈረንሳይ መድፎች ሲሆን ፊደላቱን የነደፉት ፔተር ቤረንስና አና ሲሞንስ ናቸው። ቀልጦ የተሠራው ግን ሌቪ በሚባል የአይሁድ ቤተሰብ የነሐስ ማቅለጫ ነበር፤ ከዚያው ቤተሰብ አባላት የተወሰኑትን በኋላ ናዚዎች ገድለዋቸዋል። «ለጀርመን ሕዝብ» ብለው ፊደሉን የሠሩት ሰዎች ከ«ሕዝቡ» ውስጥ ተቆጥረው መውጣታቸውን ሳያስቡ ወደ ጉልላቱ መውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን መስታወቶቹ ከዚህ እውነት ጋር ካልታዩ ጌጥ ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

አሁን ወደ አገልግሎቱ። ለመግባት አስቀድሞ በኢንተርኔት መመዝገብ ያስፈልጋል፤ የእያንዳንዱ ጎብኚ ስም፣ የአባት ስምና የትውልድ ቀን ይጠየቃል። ክፍት ቦታ ከተገኘ በዚያው አቅራቢያ በሚገኘው የጎብኚዎች አገልግሎት መስኮት መመዝገብ ይቻላል፤ ሆኖም በበጋና በቅዳሜና እሑድ በዚህ ላይ መተማመን አይበጅም። ሲገቡ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይታያል፤ ቀጥሎም በአውሮፕላን ማረፊያ እንዳለው ዓይነት ፍተሻ አለ። የእኛ ሰው የአባትና የአያት ስም አጻጻፍ በየሰነዱ ስለሚለያይ፣ ሲመዘገቡ ስሙን በፓስፖርቱ ወይም በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ እንደተጻፈው አድርጎ፣ ፊደል ሳያዛንፉ መሙላት በር ላይ ከሚመጣ ጥያቄ ያድናል። ሠራተኞቹ ፈጣንና ሥርዓት ያላቸው ናቸው፤ ፈገግታ ግን ብዙ አይጠበቅ። በቡድን እየተቆጠሩ ከበር ወደ በር የሚተላለፉበት አሠራር ትንሽ ያሰለቻል፤ ሆኖም ሥራ ላይ ያለ ፓርላማ መሆኑን ሲያስቡት ሕዝብ ይህን ያህል ቀርቦ እንዲገባ መፈቀዱ ራሱ የሚደነቅ ነው።

ፍተሻውን አልፈው በምዕራቡ በር ሲገቡ፣ ብዙ ሰው ወደ አሳንሰሩ ሲጣደፍ ቀና ሳይል የሚያልፈው አንድ ሥራ አለ። የገርሃርድ ሪኽተር «ጥቁር፣ ቀይ፣ ወርቅ» የተባለው የ1999 ሥራ ነው፤ 21 ሜትር ገደማ ቁመትና 3 ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ከጀርባው ቀለም በተቀባ ብርጭቆ የተሠራና ግድግዳውን ይዞ ወደ ላይ የሚሄድ። ቀለሞቹ የሰንደቅ ዓላማው ናቸው፤ ነገር ግን ጨርቅ የለም፣ የሚውለበለብ የለም፣ መጠኑም የባንዲራ መጠን አይደለም። ገጹ ስለሚያንጸባርቅ ከሥሩ የሚያልፈው ሰው ሁሉ በቀለሞቹ ላይ ጥላው እየታየ ያልፋል። ሪኽተር ለዚህ ቦታ በመጀመሪያ ካሰባቸው ሐሳቦች መካከል የማጎሪያ ካምፕ ፎቶግራፎችን መሠረት ያደረገ ሥራ ይገኝበት ነበር፤ ያንን ትቶ ይህን መረጠ። አንዳንዶች ይህን እንደ ማፈግፈግ ያዩት ይሆናል። ለእኔ ግን ሰንደቅ ዓላማን ሳይሰግዱለትና ሳያረክሱት የሰው መልክ ማሳያ ማድረግ ከባዱ መንገድ ነው፤ ደግሞም ከላይ የሚጠብቀውን የመስታወት ሾጣጣ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም። ጉብኝቱን የሚመሩት ሰዎች እዚህ ላይ አንድ ደቂቃ እንኳ ቆም ቢያደርጉ ምንኛ ጥሩ ነበር።

ጣሪያው ላይ ሲደርሱ ጉልላቱ ፊት ለፊት ይቆማል፦ 40 ሜትር የጎን ስፋት፣ 23.5 ሜትር ቁመት፣ በ24 የብረት ጎድን አጥንቶች የተያዘ። ወደ ውስጥ ሲገቡ ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሾጣጣው ነው። ከታች 2.5 ሜትር ብቻ ስፋት ኖሮት ከላይ እስከ 16 ሜትር ይሰፋል፤ ስለዚህም የተገለበጠ፣ ክብደቱ ሁሉ ወደ ላይ የወጣ ይመስላል። መስታወቶቹ ጠፍጣፋ ሆነው በረድፍ በረድፍ፣ አንዱ ከሌላው በትንሽ ማዕዘን ተለይቶ ስለተገጠሙ አንድ ሙሉ ምስል አይሰጡም። ከሾጣጣው ሥር ቆሜ ሳይ ግንባሬ በአንዱ መስታወት፣ አገጬ በሚቀጥለው፣ ኮቴ በሌላው ሆኖ፣ በመካከላቸው ባለው ክፍተት አንገቴ ጠፍቷል። ከጎኔ የቆመች አንዲት ልጅ እጇን ከፍ ስታደርግ እጇ በሦስት ረድፍ ተከታትሎ ከታየ በኋላ፣ ከእኔ ትከሻ ጋር የተጣበቀ መሰለ። አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ሲሉ ሁሉም ይፈርስና እንደገና በሌላ ሰው ይገጣጠማል። ቆሞ የሚታይ የራስ ምስል የለም ማለት ነው፤ ራስን ለማየት መንቀሳቀስ ያስፈልጋል፣ ሲንቀሳቀሱም የሚታየው ከሌሎች ጋር የተቀላቀለ ራስ ነው።

መንገዶቹ ይህን ያባብሱታል። በጉልላቱ ውስጠኛ ግድግዳ ዙሪያ ሁለት ተጠማዛዥ መወጣጫዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 230 ሜትር ያህል ርዝመትና 1.8 ሜትር ስፋት አላቸው፤ በአንዱ ይወጣል፣ በሌላው ይወረዳል። ሁለቱ አንዱ በሌላው መካከል ተጠላልፈው ስለሚሄዱ ወጪና ወራጅ መንገድ ላይ አይገናኙም፤ መስታወቱ ውስጥ ግን ይገናኛሉ። እየወጡ ሳለ ወደ ሾጣጣው ቢመለከቱ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚወርዱት ሰዎች በረድፎቹ ላይ እየተቆራረጡ ሲሄዱ ይታያሉ። ደረጃ የሌለበት መሆኑ ለአረጋውያን፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና የሕፃን ጋሪ ለሚገፉ ጥሩ ነው፤ ዳገቱም ቀላል ነው። በጣም ሲጨናነቅ ግን መንገዱ ይጠብባል፣ ወጣቶቹም ፎቶግራፍ ለማንሣት ድንገት ስለሚቆሙ ትዕግሥት ይጠይቃል። የጉልላቱ ጫፍ ክፍት ስለሆነ ዝናብና በረዶ ወደ ውስጥ መግባቱ የታሰበበት ነው፤ በብርድ ወራት ኮት ለብሶ መግባት እንጂ ቤት ውስጥ ነኝ ብሎ ማውለቅ አይገባም።

መስታወቶቹ ለጎብኚው ጨዋታ አልተሠሩም፤ ሥራ አላቸው። ከአድማስ የሚመጣውን ብርሃን ተቀብለው ወደ ታች፣ ወደ ፓርላማው አዳራሽ ያወርዱታል። ቀጥታ የፀሐይ ጨረር ግን በአባላቱ ዓይን ላይ እንዳያርፍና አዳራሹን እንዳያሞቅ፣ በኮምፒዩተር የሚመራ ረጅም መከለያ በሾጣጣው ዙሪያ ፀሐይን እየተከተለ ይዞራል፤ ኃይሉንም የሚያገኘው በጣሪያው ላይ ከተተከሉት የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሰሌዳዎች ነው። ሾጣጣው በውስጡ የአዳራሹን የሞቀ አየር ወደ ላይ ስቦ የሚያወጣ መተላለፊያም ይዟል፤ ከሚወጣው አየር ሙቀቱን መልሶ የሚጠቀም መሣሪያ አለው። ሲመሽ አቅጣጫው ይገለበጣል፦ በአዳራሹ ውስጥ የበራው መብራት በእነዚያው መስታወቶች ወደ ላይ ተመልሶ ጉልላቱ ከሩቅ እንደ ፋኖስ ይታያል። የመከለያው እንቅስቃሴ እጅግ ዝግ ያለ ስለሆነ ቆሞ በዓይን መያዝ ያስቸግራል፤ ወደ ላይ ወጥተው ሲመለሱ ግን ጥላው ከነበረበት ፈቀቅ ብሎ ያገኙታል። ለእኔ ሥራው ከፍ የሚለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ የኪነቲክ ሥራዎች እንቅስቃሴያቸው ለመታየት ብቻ የተሠራ ሲሆን፣ ይህ ግን ማንም ባያየውም ሥራውን ይሠራል፤ እንቅስቃሴው ግዳጅ አለበት።

እዚህ ድረስ ምስጋናዬ ሙሉ ነው። ቅሬታዬ ስለ ጉልላቱ በተደጋጋሚ በሚነገረው ትርጉም ላይ ነው። ሕዝቡ ከወኪሎቹ ራስ በላይ ይራመዳል፣ ወደ ታች እያየ ይቆጣጠራቸዋል፣ ስለዚህ ሕንፃው የግልጽነት ምልክት ነው ይባላል። እውነት ነው፣ በሾጣጣው ሥር ባለው የብርጭቆ ወለል ወደ አዳራሹ ማየት ይቻላል፤ ነገር ግን የሚታየው ምንድን ነው? ሰማያዊ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ የወንበሮች ረድፍ፣ ከዚያም በላይ በብርጭቆው ገጽ ላይ የሚያርፍ የሰማይና የጎብኚዎች ነጸብራቅ። ድምፅ አይሰማም፣ ማን እንደሚናገር አይለይም፤ ውሳኔዎች የሚበስሉባቸው የኮሚቴ ክፍሎችም ከዚህ አይታዩም። ክርክሩን ለመከታተል የሚፈልግ ሰው በተለየ ምዝገባ በጎብኚዎች ሰገነት መቀመጥ ይችላል፤ ያ ከጉልላቱ ይልቅ ለግልጽነት የቀረበ አገልግሎት ነው፤ የሚያወራለት ግን ጥቂት ነው። ብርጭቆ ማሳለፉን፣ መስታወት መመለሱን ካወቅን ዘንድ፣ ጎብኚው በጉልላቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የመንግሥትን ሥራ ሳይሆን ራሱንና እንደ እርሱ ለማየት የመጡትን ነው።

እኔ ይህን እንደ ጉድለት ብቻ አላየውም፤ ሥራው እንደሚባልለት ሳይሆን በራሱ መንገድ የሚናገረው እዚሁ ላይ ነውና። ከታች በበሩ ላይ የተጻፈው ለጀርመን ሕዝብ ይላል። መስታወቱ ግን ፊቱ የቆመውን ሁሉ ያሳያል፤ ከሙኒክ ትምህርት ቤት የመጡ ተማሪዎች፣ ከሌላ አህጉር የመጣ ቱሪስት፣ በበርሊን ሃያ ዓመት ኖሮ ዜግነት ያላገኘ ሠራተኛ፣ ሁሉም በእኩል ተቆራርጠው በእኩል ይገጣጠማሉ። ምስሉ ማን ሊመርጥ እንደሚችልና እንደማይችል አይለይም። ያንን የሚለየው ሌላ ነው፤ ከታች በፍተሻው ላይ ያለው ሰውዬ መታወቂያ ይጠይቃል፣ ሕገ መንግሥቱም መራጩን ይለያል። ስለዚህ ጎብኚው በአንድ ጉዞ ሁለት ዓይነት መቆጠር ያያል፦ በሰነድ መቆጠርና በመስታወት መቆጠር። ሁለቱ አለመገጣጠማቸውን ፎስተር አስቦበት ይሁን አይሁን ሥራው ራሱ ይናገራል፤ በብሔራዊ ማንነት ላይ ከተሠሩ ብዙ ንግግር አብዢ ሐውልቶች ይልቅ ይህ ዝምተኛ መሣሪያ ጥያቄውን በትክክል አስቀምጦታል ባይ ነኝ።

ጥያቄውን በግልጽ የጻፈው ደግሞ ሌላ አርቲስት ነው። ሃንስ ሃከ በሕንፃው ሰሜናዊ ቅጥር ግቢ ውስጥ «ለነዋሪው ሕዝብ» የሚል ትርጉም ያለውን ጽሑፍ፣ በበሩ ላይ ባለው የ1916 ፊደል ቅርጽ፣ በሚያበሩ ፊደላት በመሬት ላይ ዘርግቷል፤ ጽሑፉ ወደ ሰማይ ይመለከታል። የፓርላማ አባላት ከየምርጫ ክልላቸው አፈር እያመጡ በዙሪያው እንዲያፈሱ የተጋበዙ ሲሆን፣ በአፈሩ ውስጥ የነበረው ዘር እንዳሻው ይበቅላል፤ ማንም አያርመውም፣ ማንም አይኮተኩተውም። ይህ ሥራ ያስነሣው ቁጣ ቀላል አልነበረም፤ በሚያዝያ 2000 ፓርላማው ተሰብስቦ ድምፅ ሰጥቶበት በ260 ለ258 ነው ያለፈው። ሁለት ድምፅ! አገር ማን እንደሆነ የሚወስን ምንም ሕግ ሳይለወጥ፣ በአንድ ጽሑፍ ላይ ብቻ ይህን ያህል መከፋፈላቸው ጉዳዩ የቃላት አለመሆኑን ያሳያል። ከጣሪያው ሰገነት ወደ ቅጥሩ አጎንብሶ ማየት ይቻላል፤ ብዙ ጎብኚ ግን ዓይኑ በብራንደንቡርግ በርና በከተማዋ ላይ ስለሆነ ሳያየው ይወርዳል።

የመስታወትና የእንቅስቃሴ ጥበብ በጀርመን ከዚህ ሕንፃ በፊትም ሥር ነበረው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሃይንትስ ማክና ኦቶ ፒነ በዱስልዶርፍ «ዜሮ» የተሰኘውን እንቅስቃሴ ሲመሠርቱ፣ ከጦርነቱ ፍርስራሽ የወጣው ትውልድ በብርሃን፣ በብረት፣ በሚያንጸባርቅ ገጽና በሚዞር መሣሪያ ከምንም እንደገና መጀመር ፈልጎ ነበር። ከእነርሱ ጋር በኋላ የተቀላቀለው ጉንተር ዩከር በዚሁ በራይሽታግ ውስጥ የሁሉም እምነት አባላት የሚጸልዩበትን ክፍል ሠርቷል፤ ምስማር፣ ድንጋይና አሸዋ እንጂ መስታወት የለበትም፣ ለጉልላቱ ጎብኚም አይከፈትም። ያንን ክፍል የሚያሳየው የተለየው የጥበብና የሕንፃ ጥበብ ጉብኝት ስለሆነ፣ ጊዜ ያለው ሰው ጉልላቱን ብቻ ከማየት ይልቅ ያንን ቢመዘገብ እመርጣለሁ። በዚያው ጉብኝት በሰሜኑ መግቢያ የቆመው የጄኒ ሆልዘር ዓምድ ላይ ከ1871 ጀምሮ በጀርመን ፓርላማዎች የተደረጉ ንግግሮች በሚያበሩ ፊደላት ወደ ላይ ሲፈስሱ ማየት ይቻላል። እርሱም በእንቅስቃሴ ብሔርን የሚያስብ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ንባቡ ስለሚፈጥን ብዙውን ጊዜ የሚያዝናና ብርሃን እንጂ የሚጨበጥ ንግግር አይሆንም።

በእንቅስቃሴ የአገርን ማንነት ለማሳየት የሚደረግ ሙከራ ሁሉ እንደማይሳካ የሚያሳይ ምሳሌም በርሊን ውስጥ አለ። የአገሪቱ የነፃነትና የአንድነት መታሰቢያ እንዲሆን የተመረጠው፣ 50 ሜትር ርዝመት ያለውና ሰዎች በአንድ ወገን ሲሰበሰቡበት ቀስ ብሎ የሚያዘነብል ትልቅ ሳሕን መሳይ ሥራ ነው። ፓርላማው መታሰቢያ እንዲሠራ የወሰነው በ2007 ሲሆን ግንባታው የተጀመረው በ2020 ነው፤ ከዚያም በኋላ እጅግ ተጓትቷል። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል፤ ሕዝብ ሲስማማ ምድር ያዘነብላል የሚል ነው። ችግሩ ትርጉሙ ቀድሞ ተጽፎ አልቆ ሰውየው እንዲፈጽመው ብቻ መጠራቱ ነው። የራይሽታጉ ሾጣጣ ግን ከሰውየው ስምምነት አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ያልፍ ዘንድ ይተወዋል፣ ሲያልፍም ይይዘዋል።

አንድ የጎን ነገር ላንሣ። ከታች በአዳራሹ ውስጥ የተሰቀለው ንስር የአገሪቱ ዓርማ ነው። ቅርጹ በ1953 ሉድቪግ ጊስ ለቦኑ ፓርላማ ከሠራው የተወሰደ ሲሆን፣ ከውፍረቱ የተነሣ ጀርመኖች «ወፍራሟ ዶሮ» እያሉ ይቀልዱበታል። ፎስተር ቀጠን ያሉ ብዙ ንስሮች ነድፎ አቅርቦ ነበር፤ አልተቀበሉትም። ብርሃንን በኮምፒዩተር የሚያዘው መሐንዲስ በዶሮዋ ላይ ሥልጣን አጣ። ጉልላቱ የዘመኑ፣ ንስሩ ግን የለመዱት ሆኖ መቀጠሉ ለእኔ ከየትኛውም መግለጫ ይልቅ ስለ አገሪቱ ጠባይ ይናገራል።

የድምፅ መመሪያው ነፃ ነው፤ ጎብኚው በመወጣጫው ላይ በደረሰበት ቦታ በራሱ እየከፈተ ሃያ ደቂቃ ያህል ያስረዳል። በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ተዘጋጅቷል፣ በአማርኛ የለም። አገልግሎቱ ለከተማዋ ሕንፃዎች ጥሩ ነው፤ ይኸ የባቡር ጣቢያ ነው፣ ያ የመራሔ መንግሥቱ ጽሕፈት ቤት ነው እያለ በቅደም ተከተል ይመራል። ነገር ግን ጆሮ ወደ ውጭ ሲመራ ዓይን ከሾጣጣው ይሸሻል። ስለዚህ ሲወጡ መሣሪያውን ሰምቶ፣ ሲወርዱ ከጆሮ አውልቆ መስታወቶቹን ብቻ እያዩ መውረድ ይሻላል። ከሾጣጣው ሥር ዙሪያውን የተደረደሩት የታሪክ ፎቶግራፎችም አጭር ቢሆኑም በቂ ናቸው፤ የተቃጠለውን አዳራሽና የፈረሰውን ጉልላት በዚያ አይቶ ቀና ማለት ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

ስለ ሰዓቱ፦ ጉልላቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ሲሆን የመጨረሻው መግቢያ ከመዘጋቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ ነው። በእኩለ ቀን መጨናነቁ ይበዛል፣ ብርሃኑም ጠፍጣፋ ነው። የመስታወቱን ሥራ ለማየት የመጣ ሰው ፀሐይ ዝቅ ስትል፣ ማለትም ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ገደማ በፊት የሚጀምር ቀጠሮ ይያዝ፤ በአንድ ጉብኝት መጀመሪያ ብርሃን ወደ አዳራሹ ሲወርድ፣ ሲጨልም ደግሞ ከአዳራሹ ወደ ላይ ሲመለስ ያያል። በዓመት ውስጥ ጉልላቱ ለጽዳትና ለጥገና የሚዘጋባቸው ቀናት አሉ፤ በእነዚያ ቀናት የጣሪያው ሰገነት ብቻ ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከተማዋን ማየት ለሚፈልግ ያ በቂ ነው፤ በዚህ ግምገማ ላነሣሁት ነገር ግን ስለማይሆን ከመመዝገብ በፊት የዝግ ቀናቱን ማስታወቂያ አይቶ ሌላ ቀን መምረጥ ይገባል።